ስልኩ ከክንድ ወደ ወገብ ይውረድ፦ በእንጦጦ ዳገት ለሚሮጡ ስለሚሰጠው ምክር የቀረበ ምላሽ

በሩጫ ጊዜ ስልክ የት ይያዝ ለሚለው ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደው መልስ «ክንድ ላይ» የሚል ነው። የስፖርት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ለጀማሪ ሯጭ ከጫማ ቀጥሎ የሚያወጡለት የክንድ ማሰሪያ ነው። የጂም አሠልጣኞች ይህንኑ ይመክራሉ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለቀቁ የሩጫ ምክሮችም ከዚህ እምብዛም አይወጡም። ምክሩ ከመለመዱ የተነሣ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። እዚህ የምሞግተው ይህንኑ ምክር ነው። የክንድ ማሰሪያ ለሜዳ ሩጫና ለትንሽ ዕቃ የተሠራ ነው። ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ በተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ለሚሮጥ ሰው የስልክ ትክክለኛ ቦታ ወገብ ነው፤ ያውም ከሰውነት ጋር ተጣብቆ ሲታሰርና እንደ መሬቱ ሁኔታ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሊዞር ሲችል።

ጉዳዩ ለክርክር የማይበቃ ተራ ነገር የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ሆኖም በደቂቃ 170 ጊዜ የሚረግጥ ሯጭ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ10,000 በላይ እርምጃ ይሮጣል። ስልኩ በየእርምጃው ጥቂት ቢነቃነቅ ያ ጥቂት ነገር 10,000 ጊዜ ይደገማል። ቆዳ የሚላጠው፣ ትከሻ የሚደነድነው፣ ሯጩም ሳይታወቀው አረጋገጡን የሚለውጠው በዚህ ድግግሞሽ ነው።

አስቀድሜ ምክሩ ትክክል የሆነበትን ልቀበል። ስልክን ጨብጦ ከመሮጥ ክንድ ላይ ማሰር በእርግጥ ይሻላል። ክርኑን አጥፎ የሚሮጥ ሰው መዳፉ ከትከሻው መገጣጠሚያ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ማሰሪያው የሚውልበት የላይኛው ክንድ መሃል ግን ከ15 ሳንቲ ሜትር ብዙ አያልፍም። አንድ ክብደት በሚወዛወዝ አካል ላይ የሚያሳድረው ጫና የሚያድገው በርቀቱ ካሬ ልክ ነው። ስለዚህ ያው ስልክ መዳፍ ውስጥ ሲሆን የክንዱን ውዝዋዜ የሚጫነው ላይኛው ክንድ ላይ ከታሰረው ሰባት እጥፍ ያህል ነው። በዚህ ላይ ስልኩ እንዳይወድቅ ጣቶች ይጨብጣሉ፤ ጭብጡ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ትከሻና ወደ አንገት ይወጣል። ትከሻው ሽቅብ የተሰቀለ ሯጭ ደግሞ ዳገት ላይ ቶሎ ይደክማል።

ስልክን በእጅ መያዝን የሚደግፉ ሰዎች በኢትዮጵያ አንድ ታላቅ ምስክር ይጠራሉ፤ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴን። ኃይሌ በአርሲ አሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤቱ ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር እንደነበር፣ ደብተሩንም በግራ ክንዱ ይዞ ይሮጥ እንደነበር በሰፊው ይታወቃል። «እሱ ደብተር ይዞ ሮጦ ለዚያ ከበቃ እኛ ስልክ ብንይዝ ምን እንሆናለን?» ይላሉ። የኃይሌን ሩጫ ደግሞ ደጋግሞ ማየት ለዚህ ክርክር መልስ ይሰጣል። በበርሊን እ.ኤ.አ. በ2008 ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ እንኳ ግራ ክንዱ ከቀኙ ጠበቅ ብሎ፣ ደብተሩ ዛሬም ብብቱ ሥር ያለ ይመስል ታጥፎ ይታያል። ደብተሩ ከእጁ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አያያዙ ግን ከሰውነቱ አልወጣም። ከዚህ የምንማረው በልጅነት በአንድ ወገን የተለመደ ሸክም በጉልምስናም ከአካሄድ እንደማይለቅ ነው። ኃይሌ ያሸነፈው ያንን ልማድ ተሸክሞ ነው። ልማዱ አግዞታል የሚል ማስረጃ ግን እስካሁን ያቀረበ የለም። ስልክ በቀኝ እጁ ይዞ ዓመት ሙሉ የሚሮጥ ወጣትም ሰውነቱን አንድ ነገር እያስተማረው ነው።

እንግዲህ ክንድ ከመዳፍ ከተሻለ ለምን ወገብ ድረስ እንወርዳለን? መልሱ የሚጀምረው ከማሰሪያው ታሪክ ነው። የክንድ ማሰሪያ በሯጮች ዘንድ የተስፋፋው ስልክ ለመያዝ አልነበረም፤ ትንንሽ የሙዚቃ ማጫወቻዎችን ለመያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አይፖድ ናኖ ክብደቱ 42 ግራም ነበር። ያን የመሰለ ዕቃ ክንድ ላይ ቢታሰር ሰውነት አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን 135 ግራም ሆነ። ዛሬ በአብዛኛው ሰው እጅ ያሉት ስማርት ስልኮች ከ170 እስከ 220 ግራም ይመዝናሉ፤ አይፎን 14 ፕሮ ማክስ 240 ግራም ደርሷል። ርዝመታቸው 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከትከሻ እስከ ክርን ያለውን የክንድ ክፍል ግማሽ ያህል ይሸፍናሉ። ዕቃው በአምስት እጥፍ ሲያድግ ምክሩ ግን ባለበት ቀረ። የዛሬው የክንድ ማሰሪያ ሰፊና ከባድ የሆነው የድሮውን ቦታ ሳይለቅ አዲሱን ዕቃ ለመሸከም ስለተገደደ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የክንድ ሥራ ነው። ክንድ በሩጫ ጊዜ ዝም ብሎ የሚንጠለጠል አካል አይደለም። ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት የክንድ ውዝዋዜ የደረትንና የጭንቅላትን መጠምዘዝ ያረግባል፤ ውዝዋዜውም በአብዛኛው የሚነሣው ከእግርና ከደረት እንቅስቃሴ እንጂ ትከሻ በትእዛዝ ከሚሠራው ሥራ አይደለም። ክሪስቶፈር አሬላኖና ሮጀር ክራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ሯጮች ክንዳቸውን ሳያወዛውዙ እንዲሮጡ አድርገው የጉልበት ወጪያቸውን ለኩ። እጅ ከጀርባ ሲታሰር ወጪው በ3 በመቶ፣ ደረት ላይ ሲጣመር በ9 በመቶ፣ ጭንቅላት ላይ ሲጫን በ13 በመቶ ጨመረ። እነዚህን አኃዞች በቀጥታ ለስልክ ማዋል ስሕተት ይሆናል፤ ማሰሪያ የክንድን ውዝዋዜ አያስቆምም። አኃዞቹ የሚነግሩን ክንድ ነጻ ሆኖ ሲወዛወዝ ለሯጩ ጉልበት እንደሚቆጥብለት ነው። ይህን ነጻ አካል በአንድ ወገን ብቻ 200 ግራም መጫን ማለት ግራና ቀኙ በእኩል ሊሠራ የሚገባውን ማመዛዘኛ ማዛባት ነው። መጠኑ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ምክንያት መክፈሉ ግን ለምን ያስፈልጋል?

ይህ ሁሉ ሜዳ ላይ እንኳ እውነት ነው። እንጦጦ ላይ ሲሆን ይብሳል። የአዲስ አበባ መሃል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በጉራራ በኩል የሚወጣ ወይም ከኮተቤ በላይ ባለው ጫካ የሚያቋርጥ ሯጭ አስፋልቱን ከለቀቀ በኋላ የሚያገኘው ኮረኮንች፣ የባሕር ዛፍ ሥር፣ የተቆረጠ ጉቶና በቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድ ነው። ክረምት ሲገባ ቀዩ አፈር ይሸራተታል፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ከጭቃው ይብሳል። ዳገቱ ላይ ክንድ ሰውነትን ወደ ላይ ይስባል፤ ቁልቁለቱ ላይ ወደ ጎን ተዘርግቶ ሚዛን ይጠብቃል፤ ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ይገፋል፤ ሲወድቁ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ነው። ጂንጀር ጎትሻልና ክራም እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ልኬት 9 ዲግሪ በሚሆን ቁልቁለት ላይ እግር መሬት ሲነካ የሚያርፈው ምት ከሜዳው በ54 በመቶ ይበልጣል። ይህ ምት ወደ ላይ ሲወጣ በሰውነት ላይ በደንብ ያልተያዘ ነገር ሁሉ ይነቃነቃል። ሜዳ ላይ ጸጥ ያለ የክንድ ማሰሪያ ከእንጦጦ ወደ ጉራራ ሲወረድ መንሸራተት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ መንሸራተቱ ትንሽ ልቆይ፤ የክንድ ማሰሪያ ዋናው ችግር ያለው እዚህ ነውና። የላይኛው ክንድ ከላይ ወፍራም፣ ወደ ክርን ሲወርድ ቀጭን ነው፤ ስለዚህ የታሰረበት ነገር በተፈጥሮው ወደ ታች ይሄዳል። በዚያ ላይ ጡንቻው ሲታጠፍ ያብጣል፣ ሲዘረጋ ይቀጥናል። ማሰሪያው በቀጠነው ልክ ከጠበቀ ሲያብጥ ያንቃል፤ ባበጠው ልክ ከላላ ሲቀጥን ይወርዳል። ሯጩ ሁለቱን ማስታረቅ አይችልም። ስለዚህ ማጥበቅን ይመርጣል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣቶቹ መደንዘዝ ይጀምራሉ፣ ከማሰሪያው ሥር ያለው ቆዳ በላብ ይርሳል፣ ሲፈታው ቀይ ቀለበት ይታያል። ወይም ማላላትን ይመርጥና በየመቶ ሜትሩ በሌላው እጁ ሽቅብ እየገፋ ይሮጣል። እንጦጦ ላይ ማለዳ የሚሮጡትን ላስተዋለ ሰው ይህ የእጅ እንቅስቃሴ አዲስ አይደለም።

እዚህ ላይ «ነገሩ እንዲህ ከሆነ ችግሩ የስልኩ ክብደት ነው፤ ቀላል ስልክ መግዛት ነው» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። አይደለም። ሪቻርድ ቴይለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳሳዩት፣ በአይጥም በውሻም በሰውም በፈረስም፣ ሩጫ ላይ የሚጨመር ሸክም የኦክስጅን ፍጆታን የሚጨምረው ሸክሙ ከሰውነት ክብደት ጋር ባለው ጥምርታ ልክ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ 200 ግራም ቢሸከም ከክብደቱ የአንድ በመቶ ሲሶ ነው፤ ወገቡ ላይ ከያዘው ወጪውም በዚያው መጠን ይጨምራል። ይህን ያህል ለውጥ ማንም ሰው አይሰማውም። የሚያስቸግረው የክብደቱ ብዛት ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታና ከሰውነት ጋር ያለው ትስስር ነው። ማየርስና ካረን ስቱደል እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ጥናት የቦታውን ነገር በግልጽ ያሳያል። ያው ክብደት ከወገብ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ባት፣ ከባት ወደ ቁርጭምጭሚት በወረደ ቁጥር የሩጫው ወጪ እየጨመረ ይሄዳል። ሸክም ከሰውነት መሃል በራቀና ከሚወዛወዝ አካል ጋር በተያያዘ መጠን ይከብዳል።

የየካና የእንጦጦ ሰው ይህን ከላቦራቶሪ አልተማረውም። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ይዘው የሚወርዱ እናቶች ሸክማቸውን ወገባቸው ላይ አግድም አጋድመው በገመድ ከሰውነታቸው ጋር አጥብቀው ያስሩታል። ከኪዳነ ምሕረት ጸበል ቀድተው የሚመለሱትም ጀሪካኑን በእጅ አንጠልጥለው ብዙ አይሄዱም፤ ጀርባቸው ላይ ያዝሉታል። ይህን ስጽፍ የእንጨት ሸክምን ላሞግስ አይደለም፤ የእነዚያ እናቶች ወገብ የሚከፍለውን ዋጋ ማንም ያያል፣ ሥራውም ሊቀርላቸው የሚገባ ነው። የምጠቅሰው እውቀታቸውን ነው። እንዲህ ያለው እውቀት ከሳይንስ ጋር የተገናኘበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ማሎይና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት በኬንያ የሉዎና የኪኩዩ ሴቶች ከክብደታቸው 20 በመቶ ድረስ ያለ ተጨማሪ የጉልበት ወጪ ተሸክመው እንደሚራመዱ ገለጹ። ሉዎዎቹ ጭንቅላታቸው ላይ፣ ኪኩዩዎቹ ጀርባቸው ላይ ከግንባር በሚያልፍ ማሰሪያ ይሸከማሉ። በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተደረገ ጥናት ውጤቱ ከሰው ሰው በጣም እንደሚለያይ አሳይቷልና የመጀመሪያውን ግኝት እንደ ሕግ መውሰድ አይገባም፤ ጥናቱም የእርምጃ እንጂ የሩጫ አይደለም። ለኛ ክርክር የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ ሸክም የለመደ ሕዝብ ሸክሙን ክንዱ ላይ አያስርም።

ወገብስ ራሱ? የቆመ ሰው የክብደቱ ማዕከል የሚገኘው ከእምብርት ዝቅ ብሎ ዳሌው መሃል አካባቢ ነው። እዚያ የታሰረ ስልክ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይጎትትም፤ ከሰውነት ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1965 የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ ሲያቀርቡ ወገብ ላይ የሚታሰር ያደረጉት፣ ተመራማሪዎችም እስከ ዛሬ የእንቅስቃሴ መለኪያዎችን ዳሌ ላይ የሚያስሩት የሰውነትን እንቅስቃሴ በታማኝነት የሚከተለው ይህ ቦታ ስለሆነ ነው። በኛም ዘንድ ሴቶች ገንዘባቸውን የሚቋጥሩት መቀነታቸው ጫፍ ላይ ነው፤ ዘማች ጥይቱን የሚሸከመው በዝናር ነው። ነቢዩ ኤልያስም በአክዓብ ፊት እስከ ኢይዝራኤል በሮጠ ጊዜ ወገቡን ታጥቆ እንደነበር መጽሐፈ ነገሥት ይነግረናል።

ወገብ ስል ግን የቱታ ኪስን ማለቴ አይደለም። በአዲስ አበባ ከሁሉ የሚበዛው አያያዝ ምናልባት ይኸው ነው፤ ከሁሉ የሚከፋውም ይኸው ነው። የቱታ ኪስ ጨርቅ የላላ ነው፤ ሯጩ ሲወርድ ስልኩ ገና እየወጣ ነው፣ ሯጩ ሲወጣ ስልኩ ይወርድና ጭኑን ይመታዋል። ቱታው ወደ ታች ይጎተታል፣ አንድ እግር ከሌላው አጠር ብሎ ይረግጣል። ሱቅ ላይ የሚገኙት ዚፕ ያላቸው የወገብ ቦርሳዎችም ብዙዎቹ ከዚህ አይሻሉም፤ የተሠሩት ለገበያተኛና ለመንገደኛ ነውና ሩጫ ላይ ይዘላሉ። ወገብን የሚቃወሙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቃወሙት እነዚህን ሁለቱን ነው፤ ትክክልም ናቸው።

የሚያስፈልገው ከሰውነት ጋር የሚለጠጥና የሚሰበሰብ ሰፊ ቀበቶ ነው። ከውጭ የሚገባው ውድ ነው፤ ሾላ ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ግን ከአሮጌ ታይት ሊሠራው ይችላል። እኔ የምጠቀምበት የተሠራው እንዲህ ነው። የታይቱ ወገብ ተቆርጦ ለሁለት ይታጠፋል፤ ስፋቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ ስልኩን አግድም የሚያስተኛ ይሆናል። ዙሪያው ከሯጩ ዳሌ ዙሪያ አራት ጣት ያህል ያንሳል፤ ሲለጠጥ የሚያጣብቀው ይህ ልዩነት ነው። ስልኩ የሚገባበት ክፍት ቦታ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሰውነት የዞረ ነው፤ በስልኩ ግራና ቀኝ ቁመቱን ሙሉ ስፌት ይወርዳል። ይህ ስፌት ከቀረ ስልኩ በቀበቶው ውስጥ እየተንሸራተተ ወገብን ሙሉ ይዞራል። ልብስ ሰፊው ክሩ ሲለጠጥ እንዳይበጠስ ዚግዛግ መስፋት አለበት፤ ቀጥ ያለ ስፌት በአንድ ሳምንት ይፈታል። ጥብቀቱን ለማወቅ ታጥቆ በቆሙበት ጥቂት ጊዜ መዝለል ይበቃል። ስልኩ ከዝላዩ በኋላ አንዴ እንኳ ደግሞ ከመታ ላልቷል።

አታጣጠቁም ለውጥ ያመጣል። ቀበቶው ሆድ ላይ ከታሰረ ትንፋሽ ይይዛል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነውና ሆድን ማነቅ በዚያ ዳገት ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከእምብርት በታች፣ የዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ። ዳገት ሲወጣ ሯጭ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ያኔ ስልኩ ከኋላ፣ ከወገብ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲሆን ጨርሶ አይታወቅም፤ ጉልበት ሲነሣም አያገኘውም። ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በእርጥብ ኮረኮንች የሚንሸራተት ሰው በአብዛኛው የሚወድቀው ወደ ኋላ ነው፤ ጀርባው ላይ ጠንካራ ነገር ታስሮ መውደቅ ለአከርካሪም ለስልክም መጥፎ ነው። ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ቀበቶውን ማዞርና ስልኩን ከእምብርት በታች ወደ ፊት ማምጣት አምስት ሰከንድ አይፈጅም። የክንድ ማሰሪያ ይህን ምርጫ አይሰጥም። ቀበቶው ከካናቴራ በላይ ከጃኬት በታች ቢሆን ላብ በቀጥታ አያገኘውም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ስልኩን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልሎ ማስገባት ነው።

ከጃኬት በታች ያልኩት ለላብ ብቻ አይደለም። ከመገናኛ ወይም ከላምበረት ተነሥቶ ጫካው እስኪደርስ ድረስ ሯጭ የሚያልፈው በከተማ መንገድ ነው፤ ማለዳ ደግሞ መንገዱ ጭር ያለ ነው። የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን ሲከለክል ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ በሞተር የሚፈጸም ቅሚያ ነበር። እጅ ላይ ያለ ስልክ ለነጣቂ ክፍት ነው፤ ክንድ ላይ የታሰረም በብርሃኑና በቅርጹ ከሩቅ ይታያል። ጃኬት ሥር የታጠቀውን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ሌላው ወገን ከመነሻው «ሯጭ ስልክ አይዝም፤ አትሌቶቻችን ስልክ ይዘው ሲሮጡ አይታችኋል?» ይላል። ይህ አስተያየት ከክንድ ማሰሪያው ምክር ይልቅ ክብር ይገባዋል፤ ከልምድ የመጣ ነውና። ሆኖም የአትሌቱን ልምድ ሙሉ በሙሉ አልተመለከተም። የክለብ አትሌት ወደ እንጦጦ፣ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ሰንዳፋ የሚሄደው በሰርቪስ ነው። ስልኩን፣ ቱታውንና ገንዘቡን አውቶቡስ ውስጥ ትቶ ይወርዳል፤ አሠልጣኙና አውቶቡሱ እዚያው ይጠብቁታል። ብሪታኒያዊው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክሮውሊ በኮተቤ ኖሮ ከአትሌቶች ጋር እየሮጠ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ የሚያነሣው ልምምድ በኛ አትሌቶች ዘንድ የጋራ ሥራ መሆኑን ነው፤ ጫካ ውስጥ ተከታትለው፣ ኋለኛው የፊተኛውን እግር እየተከተለ ይሮጣሉ። ብቻውን የሚሮጠው የቢሮ ሠራተኛ፣ ነርስ ወይም ተማሪ ግን አውቶቡስም አሠልጣኝም የለውም። ቁርጭምጭሚቱ ጫካ ውስጥ ቢታጠፍ የሚደውለው በዚያችው ስልክ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ስራ ላይ ስለዋለ ብዙ ሰው የመመለሻ ሒሳቡንም የሚከፍለው በስልኩ ነው። በተለይ ብቻዋን ለምትሮጥ ሴት ስልክ ትተሽ ሂጂ ማለት ምክር አይደለም። ከአትሌቶቹ ልንወስድ የሚገባን ሌላ ነገር አለ፤ አራት አምስት ሆነው የሚሮጡ ሰዎች ሁሉም ስልክ መያዝ የለባቸውም። አንዱ ይያዝ፤ ዳገቱን አንዱ፣ ቁልቁለቱን ሌላው።

የቀረው ተቃውሞ ወገብ ላይ ያለ ስልክ ለመንካት አይመችም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ይህንንም እንደ ጥቅም እቆጥረዋለሁ። ኮረኮንች ላይ እየሮጠ ስክሪን የሚያይ ሰው መሬቱን አያይም። ሙዚቃም ሆነ የርቀት መመዝገቢያ ከመነሣት በፊት ይስተካከል፤ ፎቶ የሚያነሣ ይቁም። ስማርት ሰዓት ያለው ይህ ጥያቄ አይመለከተውም። ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሮጥ፣ ውኃም ለሚሸከም ሰው ደረትና ጀርባን አቅፎ የሚይዝ የሩጫ ሰደርያ ከቀበቶ ሊሻል ይችላል፤ እሱም ሸክሙን ግንዱ ላይ ስለሚያሳርፍ ከዚህ ክርክር ጋር አይጋጭም። ከኋላ ኪስ ያለው የሴቶች የስፖርት ጡት መያዣም ለቀላል ስልክ ይሆናል፤ 200 ግራም ሲደርስ ግን ማንገቻው ይጎተታልና ቀበቶው ይመረጣል።

አሠልጣኞችና የስፖርት ዕቃ ነጋዴዎች ለጀማሪ ከመምከራችሁ በፊት የት እንደሚሮጥ ጠይቁት። የክንድ ማሰሪያ የገዛችሁም አትጣሉት፤ በመለስተኛ ስልክ ሜዳ ላይ ያገለግላችኋል። ወደ እንጦጦ ስትወጡ ግን ስልኩን ከኋላ ወገባችሁ ላይ ታጠቁት፤ ስትወርዱ ወደ ፊት አዙሩት፤ ሁለቱንም እጆቻችሁን ለሩጫው ተዉለት።